አፕሮክሲሜት፦ «ጠጋ በሉ» የሚለው ቃል

የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ጥርስ የነከሰበት ቃል አይጠፋውም። ከባድ ቃል ማለቴ አይደለም። ከባዱን ሰው ቁጭ ብሎ ይፈልገዋል፣ አዋቂ ይጠይቅበታል፣ በመጨረሻ ይገኛል። አስቸጋሪው ሁሉም «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያልፈው ነው። የኔው የእንግሊዝኛው «አፕሮክሲሜት» ነው፣ ከነተከታዩ ከ«አፕሮክሲሜትሊ» ጋር።

የሌለበት ሰነድ የለም። ጨረታ ላይ አለ፣ የመድኃኒት ወረቀት ላይ አለ፣ ካርታ ላይ አለ፣ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ አለ። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ብዙውን ጊዜ «ግምታዊ» ይላችኋል፤ ተከታዩን ደግሞ «በግምት»። ተርጓሚው ይወስዳል፣ አንባቢው ይቀበላል፣ ሥራው ያልፋል። እኔን ግን ይቆጠቁጠኛል። ቃሉ ከግምት ጋር በሥጋም በደምም አይገናኝም። የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው፣ ያ ሰፈር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከሥሩ ልጀምር። በላቲን «ፕሮፔ» ማለት ቅርብ ነው። «ፕሮፒዩስ» ሲሆን ይበልጥ ቅርብ ይሆናል። «ፕሮክሲሙስ» ላይ ሲደርስ ከሁሉም የቀረበ፣ አጠገብ ያለ፣ ቀጣዩ ማለት ነው። በኋለኛው ዘመን ላቲን እዚህ ሦስተኛው ላይ «አድ» የምትል ቅጥያ ከፊት ገባችና «አፕሮክሲማሬ» የሚል ግስ ወጣ። «አድ» ማለት «ወደ» ማለት ነው። ስለዚህ ግሱ ቃል በቃል ሲፈታ ወደ አጠገብ መምጣት ወይም ወደ አጠገብ ማምጣት ነው።

አሁን አማርኛችንን ስሙት፦ «ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች»። «ወደ» አለ፣ «ጠጋ» አለ። ሮማውያን ከሠሩት አንድም አልጎደለም። ማንም ከማንም አልተዋሰም፣ ሁለቱም ቋንቋዎች ቁጥርን እንደ ቦታ አዩት፣ ሰው የሚጠጋው ቦታ። የትምህርት ቤቱ ሒሳብም ይህንኑ መንገድ ይዞ ቁጥርን «ማጠጋጋት» ይላል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አራተኛ ሰው ሊጨምር ሲፈልግ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለን ያው ቃል ነው፤ ረዳቱ ግምት አልጠየቀንም፣ ከጎናችን ካለው ሰው ጋር ያለን ክፍተት እንዲጠብ ነው የፈለገው። አፕሮክሲሜት ማለት ይኼው ነው።

«ግምት»ስ? ግምት የሌላ እንግሊዝኛ ቃል ጓደኛ ነው፣ የ«ኤስቲሜት»። እሱም ላቲን ነው፣ «ኤስቲማሬ» ከሚል፣ ትርጉሙ ዋጋ መተመን። ከዚሁ ግንድ «ኤስቲም» የሚል ቃልም ወጥቷል፣ ለሰው የሚሰጥ ክብር ማለት ነው። አማርኛው ደግሞ እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ፦ ቤት ሊሸጥ ሲል ይገመታል፣ የምናከብረውን ሰው ደግሞ «ትልቅ ግምት እሰጠዋለሁ» እንላለን። ዋጋም ክብርም በአንድ ቃል። እንዲህ ዓይነት ግጥጥሞሽ በየቀኑ አይገኝም፣ ስለዚህ «ግምት»ን ለኤስቲሜት ብንተውለት ምን ይጎዳናል?

ልዩነቱ ደግሞ ለወግ ያህል አይደለም። የሚገምት ሰው ልኩን አያውቀውም፤ አዳራሹን በዓይኑ ቃኝቶ «አንድ 300 ሰው ይኖራል» ይላል። የሚያጠጋጋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ልኩን ያውቃል፣ ወይም ልኩ የት ሰፈር እንዳለ ያውቃል፣ ለሥራው የሚበቃው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው። 297 ሰው ቆጥሮ «300 ያህል» የሚለው ሰው ግምት ውስጥ አልገባም። እንግሊዝኛው እነዚህን ሁለት ሰዎች በሁለት ቃል ሲለያቸው እኛ አንድ ላይ እንጨፈልቃቸዋለን።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ ስለ ቁጥር አልነበረም የሚያወራው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን መሆኑን፣ አንዱ ወደ አንዱ መቅረቡን ነበር የሚናገረው። «ከልኩ ብዙም ያልራቀ» የሚለው የዛሬው ትርጉም ቆይቶ የመጣ ነው። የድሮው ትርጉም ግን አልሞተም፣ ሐኪም ቤት ተደብቆ እስከ ዛሬ ይኖራል።

እኛ አገር ካርድ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀዶ ጥገና ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቁስል ከተሰፋ በኋላ «ጠርዞቹ በደንብ አፕሮክሲሜት ሆነዋል» ተብሎ ይጻፋል። ምን ማለት ነው? ቢላ የከፈተው ቆዳ ሁለት ጠርዝ አለው። መርፌው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ክሩ ይሳባል፣ ጠርዞቹ ይገናኛሉ፣ ይቋጠራል። ጥበቡ ክሩን ምን ያህል መሳብ እንዳለብህ ማወቁ ላይ ነው። ላላ ካልክ መሃሉ ክፍተት ይቀራል፣ ክፍተቱን ሰውነት በጠባሳ ይሞላዋል። አጥብቀህ ከሳብክ ደግሞ ደም ወደ ጠርዙ መድረስ ያቅተዋል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ስፌቱ ይበጠሳል። ለዚህ ነው መስፋት የሚያስተምሩ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ አባባል ያላቸው፦ «አፕሮክሲሜት፣ ዶንት ስትራንጉሌት»። አጠጋጋ እንጂ አትነቅ እንደማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር «በግምት» ብላችሁ ተርጉሙት። ቀልድ የፈጠርኩ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ቁስል አያያዝ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት እንዳርም ተልኮልኝ የትርጉም ማሽኑ ረቂቅ «የቁስሉ ጠርዞች በደንብ ተገምተዋል» ይል ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ማሽኑ ይህን ከየት ተማረው ብዬ ሳስብ ሳቁ ተወኝ፤ ከእኛው መዝገበ ቃላት ነዋ።

ሌላም የተደበቀበት ቦታ አለ፣ አፋችን ውስጥ። የድምፅ አጥኚዎች «አፕሮክሲማንት» የሚሉት የተነባቢ ዓይነት አለ። ስያሜውን ያስገባው ፒተር ላድፎገድ የተባለ የፎነቲክስ ሊቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት። ሐሳቡ ቀላል ነው። «ተ» ስትሉ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። «ሰ» ስትሉ አይዘጋም፣ ግን መንገዱ በጣም ስለሚጠብ አየሩ እየተፋጨ ያልፋል፣ ፉጨቱ ይሰማል። «የ» ስትሉስ? ምላሳችሁ ወደ ላንቃ ከፍ ይላል፣ ይጠጋል፣ ግን አይነካም፣ አያፋጭም። «ወ»ም እንደዚያው ነው፣ ከንፈር ይሰበሰባል እንጂ አይገጥምም። የተጠጋ ነገር እንጂ የነካ ነገር የለም፣ ስሙም ከዚያ መጣ።

እስቲ አሁን ደግሞ «በላ» በሉ፣ ቀጥሎ ቶሎ ብላችሁ «ነበረ» በሉ። «በላ» ላይ ከንፈሮቻችሁ ጥብቅ ብለው ገጥመው ተላቀቁ። «ነበረ» ላይ ግን «በ» በሁለት አናባቢ መሃል ስለገባች ከንፈሮቻችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥሙ አለፉ። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም፣ መስታወት ፊት ቆሜ ነው ያየሁት፤ ቤተሰብ ምን ነካው እንዳይል በር ዘግታችሁ ሞክሩት። አንድ ፊደል ነው፣ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይጠጋጋል።

የቃሉ ዘመዶች ብዙ ናቸው። «አፕሮች» የሚለው፣ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብም ሰው ሰውን ሊያናግር ሲጠጋም የሚባለው፣ ከሁለተኛው ከ«ፕሮፒዩስ» በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ይባላል። ሮበርት ኢነስ የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ያገኘው ነው፣ «ቅርቢቱ» እንደማለት ነው ስሙ። ቅርቢቱ ታዲያ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፣ በኪሎ ሜትር 40 ትሪሊዮን ያህል። ቅርብ ማለት ከምን አንጻር እንደሆነ ካልተነገረ ምንም ማለት አይደለም።

አንድ የውሸት ዘመድ ደግሞ አለ። ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁላችንም የምንሯሯጥለት «ፕሮክሲ» ከዚህ ቤተሰብ ይመስላል፣ ግን አይደለም። እሱ «ፕሮኩራሲ» የሚል ረጅም ቃል በአፍ ሲቆራረጥ የቀረ ነው፣ ትርጉሙ ውክልና። ሥሩ «ኩራ» ነው፣ ጥንቃቄና ክትትል፤ ስለ ሌላው ሰው ጉዳዩን የሚከታተልለት ወኪል ማለት ነው።

ይህቺው «ኩራ» ናት «አክዩሬት» ውስጥም ያለችው። አክዩሬት ዛሬ ትክክለኛ ማለት ነው፤ ሲነሳ ግን በጥንቃቄ የተሠራ ማለት ነበር። ስለዚህ ፕሮክሲ የአክዩሬት ዘመድ ነው እንጂ የአፕሮክሲሜት አይደለም። ጉድ እኮ ነው! «ፕሪሳይስ» የሚለው፣ ጥርት ያለ ልክ ማለት፣ ደግሞ ከመቁረጥ የመጣ ነው፣ ትርፉ ተቆርጦ የወደቀለት እንደማለት። «ኤግዛክት»፣ ፍጹም ልክ የሆነ ማለት፣ ከሁሉ ያስቀኛል። ላቲኑ «ኤክሲጌሬ» ነው፣ ማስወጣት፣ አስገድዶ መጠየቅ፣ መለካት። እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ ይህን ቃል ግስ ሲያደርገው ገንዘብ ወይም ግብር አስገድዶ መቀበል ይሆናል። ልክ የሆነ ነገር በግብር ሰብሳቢ ዱላ የወጣ ነው፣ የተጠጋው ግን በራሱ እግር የመጣ ነው። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ላቲን ያልሆነው የእንግሊዝኛው የራሱ ቃልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። «ናይ» ድሮ ቅርብ ማለት ነበር። «ኒር» የእሱ ማበላለጫ ነበር፣ ይበልጥ ቅርብ። «ኔክስት» ደግሞ ከሁሉ የቀረበ። «ፕሮፔ፣ ፕሮፒዩስ፣ ፕሮክሲሙስ» ከሚለው ጋር ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ዛሬ «ኒር» ማበላለጫ መሆኑ ተረስቶ ተራ «ቅርብ» ሆኗል፣ «ኔክስት»ም «ቀጣይ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዋናው ነገር «ምን ያህል ቢጠጋ ይበቃል» የሚለው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን ፓይ 22 ሲካፈል ለ7 ነው ተባልን። አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን 96 ጎን ባለው ቅርጽ ክቡን ከውስጥና ከውጭ አጥሮ ያገኘው የላይኛው ወሰን ነው። ልብ በሉ፣ «ፓይ ይኼ ነው» አላለም። ከዚህ ያንሳል፣ ከ223 ሲካፈል ለ71 ደግሞ ይበልጣል ነው ያለው። ሁለት ግድግዳ አቁሞ መሃሉ ላይ ነው አለ። ከዚህ በላይ ሥርዓት ያለው መጠጋጋት አላውቅም። ግምት ቢሆን ኖሮ ግድግዳ አያስፈልገውም ነበር።

22 ለ7 ሲካፈል 3.1428 ይመጣል፣ ፓይ ግን 3.1415 እያለ የሚቀጥል ነው። ዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ዙሪያውን በዚህ አስሉ። በ22 ለ7 ብትሠሩ 188.57 ሳንቲ ሜትር፣ በትክክለኛው ፓይ 188.50። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ የምጣዱ ጠርዝ ራሱ ከዚያ በላይ ይወጣል ይገባል። በዚያው ቁጥር የምድርን ዙሪያ አስሉ። ዳር እስከ ዳር 12,742 ኪሎ ሜትር ናት። አሁን ስህተቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ሥራው ነው። ስለዚህ «22 ለ7 ልክ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው፣ ለምን ሥራ ብላችሁ ጠይቁ።

ይበልጥ ቅርብ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዘመን መቁጠሪያችሁን እዩ። ምድር ፀሐይን ዞራ ከወቅት ወደዚያው ወቅት ለመመለስ 365.2422 ቀን ይፈጅባታል። የእኛ አቆጣጠር 365.25 ነው የያዘው፤ ሦስት ዓመት ጳጉሜን 5፣ በአራተኛው 6። ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ምንም አይደል ትላላችሁ። ግን ይጠራቀማል፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። የጁልየስ ቄሳር አቆጣጠርም ይህንኑ 365.25 ይዞ ስለነበር ሮም ውስጥ ሲጠራቀም ሲጠራቀም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን በአንዴ አስዘለሉ። ኦክቶበር 4 የተኛ ሰው ኦክቶበር 15 ነቃ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ለ400 የማይካፈሉትን የምዕተ ዓመት መባቻዎች ከሠግር ዓመትነት አወጡ፣ አማካያቸውም 365.2425 ሆነ። እሱም ልክ አይደለም፣ በዓመት 26 ሰከንድ ያህል ይተርፈዋል። ሁለቱም የተጠጋጉ ናቸው፣ አንዱ ይበልጥ ተጠግቷል።

ይህ ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ውጤቱ በዓላችን ላይ ይታያል። እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ 12 ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ 10 ላይ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. 2100 ላይ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ስለሚዘሉ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሹ ወደ 12 ይገፋል፣ ገናም ከጃንዋሪ 7 ወደ 8። የዛሬ ልጆች የልጅ ልጆች ውጭ አገር ሆነው ፈቃድ ሲጠይቁ አለቃቸውን አዲስ ቀን ማስለመድ ይኖርባቸዋል። «አያቴ 7 ነበር የምትለው» እያሉ ሲከራከሩ ታየኝ።

የተጠራቀመ መጠጋጋት ሰው የገደለበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ሳውዲ አረቢያ፣ ደህራን። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ኮምፒውተር ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። ችግሩ ኮምፒውተር የሚያስበው በ0 እና በ1 መሆኑ ነው፣ አንድ አሥረኛ ደግሞ በዚያ አጻጻፍ ማለቂያ የለውም፣ ልክ አንድ ሦስተኛ በእኛ አጻጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቀው። ማሽኑ 24 ቢት ላይ፣ ማለትም 24 የ0 ወይም የ1 ቦታ ላይ፣ ቆረጠው። በእያንዳንዱ ቆጠራ የጠፋው የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው ግን ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር፣ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ሆነ። እየመጣ የነበረው ስከድ የተባለ ሚሳኤል በዚያ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ራዳሩ ሌላ ቦታ ፈለገው፣ አጣው፣ ሚሳኤሉ ወታደሮች ያደሩበት ሕንፃ ላይ ወደቀ፣ 28 አሜሪካውያን ሞቱ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ደህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉንም በልኩ እንጻፍ» ይላል። አይ! ከልክ በላይ ልክ መምሰልም ያው ችግር ነው። የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው የሚለው በዓለም የተሰራጨው ካርል ቩንደርሊሽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው ሥራ ነው። 37 ድፍን ቁጥር ነው፣ የተጠጋጋ መሆኑን ፊቱ ይናገራል። ወደ ፋራናይት ሲቀየር 98.6 ሆነ። አሁን ከነጥብ በኋላ ቁጥር አለው፣ አንድ ሰው በጥንቃቄ የለካው ይመስላል። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ 99 ሲያሳይ ልጅ ታመመ ተብሎ ግርግር ይነሳል። የዜና አዘጋጆችም ይህን ይሠራሉ፤ እንግሊዝኛው «100 ማይል ያህል» ሲል አማርኛው «160.9 ኪሎ ሜትር ያህል» ብሎ ያርፋል። «ያህል»ህን ከያዝክ ነጥቧን ጣላት፣ ወይም ነጥቧን ከያዝክ «ያህል»ህን።

ከዚህም የባሰው «ወደ 137 የሚጠጉ ሰዎች» ነው። 137ን የቆጠረ ሰው ምኑን ነው የሚጠጋው? 136 ነው? ወይስ 138? የበዛውን ደግሞ ስሙልኝ፦ «በግምት ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ገደማ»። አንድ ቁጥር ላይ ሦስት ጠባቂ። በዚህ ዓይነት ቁጥሩ መኖሩም ያጠራጥራል።

እሺ፣ ታዲያ በምን እንተርጉመው? እኔ የምሠራበትን ልንገራችሁ፣ ሕግ አይደለም። ቁጥር ላይ «አፕሮክሲሜትሊ» ሲመጣ «ያህል» ወይም ሰዓትና ቦታ ከሆነ «ገደማ» እላለሁ። «የሚጠጋ»ን በጣም ብወደውም ሁልጊዜ አልጠቀምበትም፣ ምክንያቱም «100 የሚጠጋ» ሲባል የአማርኛ ጆሮ መቶ ያልሞላ ነው የሚሰማው፣ ከታች እየመጣ ያለ። አፕሮክሲሜትሊ ግን 103ም ሊሆን ይችላል። ከታች ብቻ የሚመጣው «ኦልሞስት» ነው፣ ለእሱ «የሚጠጋ» ወይም «ሊሞላ ትንሽ የቀረው» ልክ ይሆናል። «ያህል» ደግሞ ከማከል የመጣ ነው፣ እኩል ከመሆን፣ ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም አያደላም። ሒሳብ ላይ «የተጠጋጋ ዋጋ»። ሐኪም ቤት «ጠርዞቹ ገጥመዋል»። እውነተኛ ግምት ሲሆን ብቻ፣ ማንም ሳይለካ የተናገረው ሲሆን፣ «በግምት»።

አነባበቡን ረስቼው ነበር። ይህ ቃል ቅጽል ሲሆን መጨረሻው ይዋጣል፣ «አፕሮክሲመት» ዓይነት ነው። ግስ ሲሆን መጨረሻው ይጎተታል፣ «አፕሮክሲሜይት»። ኤስቲሜትም እንደዚያው ነው፣ ስም ሲሆን «ኤስቲመት»፣ ግስ ሲሆን «ኤስቲሜይት»፤ «ሴፓሬት»ም «ሞደሬት»ም ይህንኑ ይከተላሉ። እኛ ግን በየስብሰባው ሁሉንም እኩል «-ሜት» እያልን እናነበዋለን፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ እንደዚያው ነው የጻፍኩት።